ከሥሯ የተነሣው ወንበር

ሄስተር ፔሪ ያን ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የሎሪመሮች ደጅ ላይ ቆማ ጓንቷን አውልቃ መልሳ ታጠልቃለች፣ አጥልቃ መልሳ ታወልቃለች። ደወሉን ለመደወል እጇን ስትዘረጋ በሩ ከውስጥ ተከፈተ። ሩፐርት ራሱ ነበር፤ የቤት ሠራተኛዋን ቀድሟት ሮጦ እንደመጣ ትንፋሹ ያሳብቅበታል።

«መጣሽ!» አላት።

«አትመጣም ብለህ ነበር?»

«ከጠዋት ጀምሮ መስኮት ላይ ነኝ። እናቴማ ‹መጋረጃውን በእጅህ ልትጨርሰው ነው› አለችኝ።»

የሎሪመሮች ቤት ባዝ ከተማ ላይኛው ሰፈር ነው፤ ቤቶቹ እንደ ግማሽ ጨረቃ ተያይዘው ከተማውን ቁልቁል የሚያዩበት። የሄስተር ቤት ከታች ነው፤ ወንዙ በክረምት ሲሞላ ደጃፍ ድረስ መጥቶ በሚያንኳኳበት መንደር። ዳገቱን በእግር ለመውጣት ብዙ አይፈጅም። ሄስተር ግን በወጣችው ቁጥር አንድ ነገር እየጣለች ነበር የምትወጣው። መጀመሪያ የሰፈሯን አነጋገር ጣለች። ቀጥሎ የሰፈሯን ስም። ዛሬ ምን እንደምትጥል ገና አላወቀችም።

ከሩፐርት ጋር የተዋወቁት በወንበር ሰበብ ነው። ሄስተር አቶ ፔንሮዝ በሚባሉ ነጋዴ የጥንት ዕቃ ሱቅ ውስጥ ሻጭ ናት። በዚያ ዓመት የካቲት ውስጥ አንድ ረጅም ወጣት ባለክንድ ወንበር ታቅፎ ከዝናብ ገባ። ካፖርቱን ያለበሰው ለወንበሩ ነው፤ እሱ ራሱ ከፀጉሩ ውሃ ይንጠባጠባል።

«አያቴ ትተውልን የሄዱት ነው» አላት። «የታመመ ይመስለኛል።»

ሳቀች። ካፖርቱን ስትገልጠው ግን ሳቋ ቆመ። ወንበሩ የእንደራሴው ዘመን ሥራ ነበር፤ ንጉሡ ታመው ልዑሉ በእንደራሴነት በገዛበት በዚያ አጭር የድሎት ጊዜ የተሠራ። እንጨቱ በጥቁር ቀለም ተለብጦ እንደ መስተዋት ያበራል። በጥቁሩ ላይ የወይን ሐረግ በወርቅ ቀለም ተስሏል፤ ቅጠሉ ሁሉ በቀጭን ብሩሽ ጫፍ አንድ በአንድ የተነካ። እግሮቹ እንደ ጎራዴ ወደ ውጭ ቆልመም ብለዋል። ክንዶቹ ከመደገፊያው ተነሥተው ቁልቁል እንደሚፈስ ውሃ ይወርዱና ጫፋቸው ላይ የአንበሳ ራስ ይሆናሉ። የአንበሶቹ አፍንጫ ላይ ወርቁ ለቋል፤ የስንት ሰው እጅ አሻሽቶታል። ሄስተር ሳታስበው አውራ ጣቷን አንደኛው አንበሳ አፍንጫ ላይ አሳረፈች። ሩፐርትም በወዲያኛው ክንድ በኩል እንደዚያው አድርጎ ኖሯል። ቀና ሲሉ ዓይን ለዓይን ተጋጠሙ፤ ሁለቱም እጃቸውን ቶሎ አነሡ።

«ሕመሙ መቀመጫው ላይ ነው» አለችው፣ ድምጿን አስተካክላ። «የተጠለፈበት የሸምበቆ ልጥ ደርቆ ተበጣጥሷል። ይፈታና እንደ አዲስ ይጠለፍ።»

«እንዲህ ያሉ ሌሎችም አሉን፤ ከዚህ ጋር አራት ናቸው። ይህን ሁሉ ማን አስተማረሽ?»

«አባቴ። ሥራው ከወንበር ጋር ነው።»

«ጥንታዊ ዕቃ ይሰበስባሉ ማለት ነው?»

ሄስተር ፈገግ አለች። እሱም ፈገግታዋን እንደ አዎንታ ወሰደው። ነገሩ ሁሉ የተጀመረው በዚያች ፈገግታ ነው። ቆይቶ «አባትሽ ብዙ ይጓዛሉ?» ሲላት «ብዙ ይጓዛል» ብላዋለች፤ ይህም ሐሰት አልነበረም። ጆብ ፔሪ የሸምበቆ ልጥ ጥቅል በትከሻው አንግቶ ከመንደር መንደር በእግሩ የሚዞር ወንበር ጠላፊ ነው። ሚስቱ ከሞተችበት ጊዜ ጀምሮ አንዲት ልጁን ያሳደጋት፣ ያስተማራት፣ ያለበሳት በዚያ ልጥ ነው።

አሁን ሄስተር የሩፐርት እናት ሳሎን ውስጥ ተቀምጣለች። ወይዘሮ ሎሪመር ቀጠን ያሉ፣ ፀጉራቸው ብር የመሰለ፣ ደግነታቸውንም ሆነ ቁጣቸውን በአንድ ዓይነት ድምፅ የሚናገሩ ሴት ናቸው። ሻይ ራሳቸው ቀዱላት።

«ሩፐርት ስለ ወንበሮቻችን የነገርሽውን ሁሉ በቃሉ ይዞታል» አሏት። «ዳዊት አይደግምም እንጂ አንቺን ይደግማል።»

«እማማ!» አለ ሩፐርት፣ ጆሮው ቀልቶ።

«ምን ዋሸሁ? ለነገሩ ምክርሽን ተቀብለናል። ምግብ አብሳይዋ አንድ ወንበር ጠላፊ አገኘችልኝ፤ በከተማው የቀረ እሱ ብቻ ነው ይላሉ። ከሐሙስ ጀምሮ ጓሮ ተቀምጦ ይሠራል።»

የሄስተር ማንኪያ ሲኒው ላይ ቀጭ አለ። አባቷ ሐሙስ ጠዋት ልጡን ሲያጥብ «ላይ ሰፈር አንድ ጥሩ ሥራ አገኘሁ» ብሏት ነበር። የማን ቤት እንደሆነ አልጠየቀችውም። ከጊዜ ወዲህ ስለ ሥራው መጠየቅ ትታለች።

ለመነሣት አሰበች። በሩ ተንኳኳ።

መጀመሪያ የገባው ወንበሩ ነው። አዲሱ መቀመጫ እንደ ማር እንጀራ ዓይን ዓይኑ ወጥቶ፣ ወርቁና ጥቁሩ ተወልውሎ። ከወንበሩ ኋላ ጆብ ፔሪ፣ ጫማውን ጓሮ አውልቆ፣ በተጣፈ ካልሲ ምንጣፉን ላለማቆሸሽ በጣቶቹ እየረገጠ ገባ። ወንበሩን በጥንቃቄ አስቀመጠ። ቀና አለ። ልጁን አየ።

ፊቱ በራ። እንደ ሕፃን ነው የበራው፤ ምንም ሳያስብ፣ ምንም ሳይጠረጥር አፉን ሲከፍት ሄስተር ዓይኗን ሰብራ ሲኒዋ ውስጥ አስገባችው።

 ሽማግሌው የከፈተውን አፍ መልሶ ገጠመ።

«ሦስተኛው ይኸው እመቤቴ» አለ ወደ ወይዘሮዋ ዞሮ።

«ድንቅ ነው! እስቲ ተመልከች የኔ ልጅ፣ አንቺ ታውቂያለሽ። ምን ትያለሽ?»

«ጥሩ ነው» አለች ሄስተር። ድምጿ የሌላ ሰው ድምፅ ሆነባት።

«እንዲህ ያለ እጅ ይዘህ ሙያውን የምታወርሰው ልጅ የለህም እንዴ?» አሉት ወይዘሮ ሎሪመር።

ጆብ የለበሰውን ሽርጥ ጫፍ ይዞ አሸው። «አንዲት ሴት ልጅ አለችኝ እመቤቴ። ሩቅ ናት።»

«ትጠይቅሃለች?»

«ጥሩ ልጅ ናት» አለ ጆብ ቶሎ ብሎ፣ ሰው ክፉ እንዳይናገርባት የሚከላከል ይመስል። «በጣም ጥሩ ልጅ ናት። ሥራ ይበዛባታል እንጂ።»

ሄስተር ምድር ተከፍታ ብትውጣት በወደደች። ምድር ግን አልተከፈተችም። አባቷ ወደ እሷ መጣና ራቅ ብሎ ቆመ፤ አጎነበሰ።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ እሜቴ» አላት። «የቀረኝ እርስዎ የተቀመጡበት ነው። ቢነሡልኝ።»

በሕይወቷ ሙሉ አንቺ ካላት አፍ ‹እርስዎ› የሚለው ቃል ወጣ። ሄስተር ተነሣች። አባቷ ወንበሩን ከሥሯ አነሣው። የአንበሳውን ራስ የያዘበት እጁ አውራ ጣት በልጥ ተሰንጥቆ ደም አዝሏል፤ ወርቁን እንዳይነካው ጣቱን አጥፎ ነው የያዘው።

«ዙፋንሽን ነጠቀሽ!» ብለው ሳቁ ወይዘሮ ሎሪመር።

ሩፐርትም ሳቀ። ሄስተርም ሳቀች። በሩ ሲዘጋ፣ ማንም አለማወቁን ስታረጋግጥ፣ ደረቷ ውስጥ የታሰረ አንድ ነገር ተፈታ፤ እፎይ አለች። ኋላ ሌሊቱን ሁሉ ያነደዳት ዓይኗን መስበሯ አልነበረም፤ ያች እፎይታ ነበረች።

ራሴን አመመኝ ብላ ቶሎ ተሰናበተች። ሩፐርት ልሸኝሽ ቢላት እምቢ አለችው። ቤት ስትደርስ አባቷ ምድጃው አጠገብ ተቀምጦ እጁን ለብ ባለ የጨው ውሃ ነክሮ አገኘችው።

«መጣሽ? ድንቹ ተቀቅሏል፤ ዓሣውን አሙቂው» አላት፣ እንደ ማንኛውም ቀን።

ኮቷን ሳታወልቅ ቆመች። እንዲጮኽባት ፈለገች። እንዲሰድባት ፈለገች።

«ልጁን አየሁት» አለ ጆብ። «ስኳሩን ሲያቀብልሽ ሲኒሽን እንጂ ራሱን አያይም፤ እጅጌው ቅቤው ውስጥ ገብቶ ነበር። ጥሩ ልጅ ይመስላል።»

«አባዬ...»

«ነገሩን እንዳላበላሸው ፈርቼ ነበር። አላበላሸሁትም አይደል? ገና ስገባ አፌ ሊያመልጠኝ ነበር።» ፈገግ ለማለት ሞከረ። «የቀረችውን አንዷን ወንበር ጀምሬ ተውኳት። ሌላ ሰው ይፈልጉላት። ደግሜ ብሄድ ስምሽን እጠራለሁ፤ ራሴን አላምነውም።»

«እንዲህ አትበል።»

«ለሠርግሽም አትጨነቂ። ቤተ ክርስቲያኑ ኋላ በኩል ሁልጊዜ ሰው ይቆማል። አላፊ አግዳሚውም፣ ለማኙም። ባርኔጣዬን ይዤ እቆማለሁ፤ ማን ነህ ብሎ የሚጠይቀኝ የለም።»

ይህን ሲል ቂም አልነበረበትም። ነገሩን አስቦበት፣ የሚቆምበትን ቦታ መርጦ የጨረሰ ሰው አነጋገር ነው። ሄስተር አጠገቡ ተንበርክካ እጁን ከውሃው አውጥታ በፎጣ ማድረቅ ጀመረች። ይቅር በለኝ ለማለት አፏን ከፈተች፤ ቃሉ አልወጣ አላት። በእንዲህ ያለ እጅ ፊት ይቅርታ መጠየቅ ራሱ ድፍረት ሆነባት።

ሰኞ ዕለት ሩፐርት ሱቁ መጣ። አቶ ፔንሮዝ ምሳ ወጥተዋል። ባርኔጣውን በእጁ እያሽከረከረ በጥንት ሰዓቶችና መስተዋቶች መካከል ወዲያና ወዲህ አለ።

«እናቴ ወደደችሽ» አላት። «በቀላሉ ሰው አትወድም፤ እኔን እንኳ ለመውደድ ጊዜ ወስዶባታል። እንግዲህ ሄስተር፣ አባትሽን መቼ ነው የማገኛቸው? ደንቡን ጠብቄ ልለምናቸው እፈልጋለሁ። ከጉዟቸው መቼ ይመለሳሉ?»

ይህን ጥያቄ ለወራት ስትናፍቀው ኖራለች። አሁን ሲመጣ እንደ ቢላ ስለት ወጋት።

«አይተኸዋል» አለችው።

«የት?»

«ቅዳሜ ዕለት። ወንበሬን ከሥሬ ያነሣው ሰው።»

ሩፐርት መጀመሪያ ፈገግ አለ፤ ቀልድ መስሎት። ከዚያ ፈገግታው ፊቱ ላይ እንዳለ ደረቀ።

«እናቴ ስለ ልጁ ስትጠይቀው...»

«እዚያው ነበርኩ።»

«እኔ ስስቅ...»

«እኔም ስቄያለሁ።»

«ለምን ሄስተር?»

«አፈርኩ።»

«በአባትሽ?»

«ያን ጊዜ በእሱ። አሁን እሱን ቀና ብዬ ማየት አቅቶኛል።»

ሩፐርት ወደ መስኮቱ ሄዶ ጀርባውን ሰጣት። ውጭ የሚያልፈው ሰው ሁሉ ደስተኛ ይመስላል።

«የወንበር ጠላፊ ልጅ ነኝ ብትይኝ ኖሮ» አለ፣ «ጀግና ሆኜ ወዲያው ለእናቴ እነግራት ነበር አልልሽም። ምናልባት እፈራ ነበር። ምናልባት እኔም ጥቂት እዋሽ ነበር። ግን አንድ ነገር ንገሪኝ። ነገ እኔ ብደኸይ፣ ወይም ብታመም፣ እጄ ደምቶ በካልሲ ብገባና እንግዳ ቢኖር... ሲኒሽን ነው የምታዪው?»

 ለሄስተር ‹አይደለም› ማለት ቀላል ነበር፤ ቅዳሜ ጠዋት ብትጠየቅም ‹አይደለም› ትል እንደነበር ታውቃለች።

ሩፐርት ባርኔጣውን አደረገ። በሩ ጋ ሲደርስ ዘወር የሚል መስሏት ጠበቀች። አልዞረም። ክፋቱ ደግሞ አልፈረደችበትም፤ በእሱ ቦታ ብትሆን እሷም አትዞርም ነበር።

ረቡዕ ጠዋት ጆብ ሊወጣ ሲል ሄስተር የልጡን ጥቅል ትከሻዋ ላይ አንግታ በሩ ላይ ቆማ ጠበቀችው።

«ምን ሆነሽ ነው? ሥራ የለሽም?»

«ፈቃድ ጠይቄያለሁ። አንተ የጀመርከውን ወንበር ትተህ ታውቃለህ?»

«ልጄን የሚያሳፍር ሥራም ጀምሬ አላውቅ» አለ ጆብ። «ስጪኝ እባክሽ፤ ልብስሽ ይበላሻል።»

«ይበላሽ።»

ወጡ። ገበያውን አቋርጠው፣ በአቶ ፔንሮዝ ሱቅ ፊት ለፊት አልፈው፣ ዳገቱን ያዙት። የሚያውቋት ሴቶች ዘወር ዘወር እያሉ ያዩዋታል። ፊቷ ፍም መሰለ። በየመታጠፊያው አባቷ «ከዚህ ስጪኝና ተመለሺ፤ እዚህ ሰው ያውቅሻል» ይላታል፤ እሷ ጥቅሉን ታጠብቃለች። ሎሪመሮች ቤት ሲደርሱ ጆብ ጥቅሉን ነጥቋት በጓሮ በር ገባ። ሄስተር የፊቱን ደወል ደወለች።

ወይዘሮ ሎሪመር ሳሎን ውስጥ ብቻቸውን ነበሩ። ሩፐርት ምንም አልነገራቸውም፤ ሲያዩዋት ደስ ብሏቸው እጃቸውን ዘረጉ። ሄስተር አልጨበጠቻቸውም።

«ቅዳሜ ዕለት» አለች ቆማ፣ «አባቴን ልጅህ ትጠይቅሃለች ወይ ብለውት ነበር። ልጁ እኔ ነኝ። አጠገቡ ተቀምጬ እንዳላወቅሁት ሆንኩ። ይህን ከእኔ እንዲሰሙ ፈልጌ ነው።»

ወይዘሮዋ የተዘረጋ እጃቸውን ቀስ ብለው ሰበሰቡ። 

«ሩፐርት ያውቃል?»

«ያውቃል።»

«እንግዲያው በገዛ ሳሎኔ ሞኝ የነበርኩት እኔ ብቻ ነኝ።» ድምፃቸው እንደ ወትሮው ነበር፤ ጉንጫቸው ግን ቀላ። «አባት ከልጁ ሥር ወንበር ሲያነሣ ሳቅኩ። አንተ እያልኩ ነበር የማነጋግራቸው፤ በዕድሜ ይበልጡኛል።» ወደ ምድጃው ዞሩ። «ልጄን እሰጥሻለሁ ብለሽ እንዳታስቢ። አላውቅም። እውነቱን ነው የምነግርሽ፣ አላውቅም። ለአባትሽ ግን ይቅርታ አለብኝ። እስቲ ሂጂ አሁን፤ እኔም ብቻዬን ልፈር።»

ሄስተር በወጥ ቤቱ በኩል ወደ ጓሮ ወጣች። ደረጃው ላይ ስትደርስ ድምፅ ሰምታ ቆመች። ሩፐርት ከአባቷ ፊት ድንጋይ ላይ ቁጢጥ ብሏል። ጆብ ያችን የቀረችውን ወንበር ጉልበቱ መሐል ይዞ ልጡን በወስፌ በቀዳዳ ያሳልፋል።

«አቶ ፔሪ፣ ልጅዎ ደኅና ናት?» ይለዋል ሩፐርት።

«ደኅና ናት ጌታው። ሩቅ ናት።»

«ዛሬ ልጡን ተሸክማልዎት የመጣችው ማን ናት? ከመስኮት አይቻለሁ።»

የጆብ እጅ ቆመ። «እሷማ... የጎረቤት ልጅ ናት። ወገቤን ሲያመኝ አዝና ነው። ጨዋ ልጅ ናት፤ በእሷ ምንም አያስቡ ጌታው። ከእኔ ጋር ዝምድና የላትም።»

«አባዬ» አለች ሄስተር።

ጆብ ቀና አለ። ዝም በይ ለማለት ዓይኑን ጨፈን ገለጥ አደረገላት፤ ራሱን ነቅንቆ ምልክት ሰጣት።

«አባዬ!» አለች፣ በዚህ ጊዜ ጮክ ብላ። ወጥ ቤት ያሉት ሴቶች ወደ በሩ መጡ። ከላይ አንድ መስኮት ተከፈተ። «አባዬ፣ እኔ ነኝ። ያውቃሉ። ሁሉም ያውቃሉ። ነግሬያቸዋለሁ።»

ወስፌው ከጆብ እጅ ወደቀ። ሽማግሌው ፊቱን በሁለቱ በቆሰሉ እጆቹ ሸፈነ፤ ትከሻው መንቀጥቀጥ ጀመረ። ቅዳሜ በሳሎኑ መሐል ያልወጣ፣ ማታም በምድጃው አጠገብ ያልወጣ እንባ አሁን ሰው ሁሉ እያየው ወጣ። ለካ ያን ያህል ጠምቶት ነበር፣ መጠራት።

ሄስተር ሮጣ እግሩ ሥር ተንበረከከች። «ይቅር በለኝ» አለችው፤ ቃሉ በመጨረሻ ወጣላት። «አባዬ፣ ይቅር በለኝ።»

«ምኑን?» አለ ጆብ በጣቶቹ መሐል። «እኔ እኮ ያኔውኑ ይቅር ብዬሻለሁ። ገና ሲኒሽን ስታዪ።»

ይህ ከስድብ ሁሉ በለጠባት። እሷ እፎይ ስትል እሱ ይቅር ብሏት፣ ይቅርታውን ይዞ በካልሲ ከሳሎኑ ወጥቶ ነበር። ግንባሯን ጉልበቱ ላይ አድርጋ አለቀሰች፤ እሱም የማያመውን የእጁን ጀርባ ፈልጎ ፀጉሯን ዳበሰላት።

ሩፐርት ተነሥቶ የወደቀውን ወስፌ ከመሬት አነሣ፤ በመሐረቡ ጠርጎ በሁለት እጁ ለሽማግሌው አቀበለ።

«አቶ ፔሪ፣ ነገ ቤትዎ ብመጣ ይቀበሉኛል?»

ጆብ አፍንጫውን ጠረገ። «ወንዝ ዳር ነው ጌታው። ጭቃ ነው።»

«ሩፐርት ይበሉኝ።»

ሽማግሌው ጥቂት አሰበ። «ጭቃው ያው ነው፣ ሩፐርት።»

ወጥ ቤት በር ላይ አንዷ ሴት ሳቀች። ሩፐርትም ሳቀ፤ ከዚያ ሳቁን ዋጠና ከሰኞ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሄስተርን አያት። ያ የቀድሞው አስተያየት አልነበረም። ቅያሜ ነበረበት፣ ጥያቄም ነበረበት፤ ሌላም ሊለውና ሊደብቀው ያልቻለው ነገር ነበረበት። ስለ ነገ ምንም አላላትም። እሷም አልጠየቀችውም። እንባዋን ሳትጠርግ፣ ልብሷ በጓሮው ድንጋይ ቆሽሾ፣ የአባቷን እጅ እንደያዘች ቀና አለች። እፍረቱ ፊቷን ያነደዋል፤ ዓይኗን ግን አልሰበረችም።